ድንጋዩ ያለቀበት ቴፕ ምን አጠፋ?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተዘጋጀ አንድ የወጣቶች የኪነ ጥበብ ምሽት ላይ ታድሜ ነበር። ከግጥሙና ከክራሩ መሀል አንድ ልጅ አሮጌ ቴፕ ታቅፎ መድረክ ላይ ወጣ። ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማይክራፎኑን አስጠጋበት። በስልኩ የቀዳቸውን የዚያኑ ቴፕ ድምፆች አስቀደመ፦ ቁልፉ ሲጫኑት ቀጭ የሚለውን፣ ባዶ ክር ሲዞር የሚያሰማውን ሽሽታ፣ ሞተሩ ሲያቃስት የሚወጣውን። ከዚያ ካሴት ከተተ። እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ የጀመረ ፉከራ ቀስ በቀስ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ ወደ ሽማግሌ ድምፅ ወረደ፤ በመጨረሻም ቆመ።

ከዳኞቹ አንዱ፣ በዕድሜም በሙያም የማከብራቸው ሰው፣ «ልጄ፣ ይህ የዕቃ ብልሽት እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ቴፕህን አሠርተህ ተመለስ» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልጣመኝም።

እኔና እኩዮቼ ሙዚቃ የሰማነው በብልሽት ውስጥ ነው። መብራት ባልገባበት የጎጃም ገጠር ቴፕ የሚናገረው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው። ድንጋዩን ለመቆጠብ ካሴቱን በእስክሪብቶ እናጠነጥን ነበር። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በጥርሱ ነክሶ ትንሽ ዕድሜ የሚጨምርለትም ነበር። ሠርግ ቤት ሲነጋጋ ዘፋኟ ወደ ወንድነት ትለወጣለች፤ ጨፋሪው ግን አይቆምም፣ እርምጃውን ከቴፑ ጋር ያዘገያል እንጂ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁም አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ በወፍራሙ እስኪደገም ድረስ፣ ይወርዳል። እኛ ኦክታቭ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ጆሯችን ግን መውረዱን ለቅሞታል።

የጠራ ድምፅ ብቻ ሙዚቃ ነው ከተባለ በገናን ምን ልናደርገው ነው? በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ሥራዋ አውታሩ ሲመታ እየነካካች ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ሻካራ ድምፅ ማውጣት ነው። እንዝራዋ ስትወጣ አውታሩ ይጠራል፤ በገናው ግን በገናነቱን ያጣል። ያቺን ቆዳ መጀመሪያ ያስገባው ሰው «መሣሪያህን አሠርተህ ተመለስ» ተብሎ ቢሆን ኖሮስ? ዳኛችን በጾም ወራት በገና ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ እንደሚያቀር አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የምሟገታቸው።

የልጁን አሠራር «ፈረንጅ አመጣሽ ነው» የሚል ሌላ ክስም ከኋላዬ ሰምቻለሁ። የፈረንጁን እንካ፦ ፒየር ሼፈር የሚባል የፓሪስ ሬዲዮ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡር ድምፅ ቀድቶ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ ሙዚቃ ብሎ አሰማ፤ በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ የመሥራቱ ዘርፍ ታሪክም ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይጀምራል። ነገር ግን ከእርሱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1944፣ ሀሊም ኤል ዳብህ የተባለ የካይሮ ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ፣ ማለትም በቀጭን ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ፣ ተውሶ ነበር። የቀዳው ምን ይመስላችኋል? ዛር። የሴቶቹን ዜማ ወደ ስቱዲዮ ወስዶ በማስተጋቢያ ክፍል አሳለፈው፤ ቃሉ ጠፍቶ ድባቡ ብቻ እስኪቀር ድረስ አሸው። ዛሬ ከሥራው የሚደመጠው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ዛር የሚወርድበት ቤት ደጃፍ በልጅነቱ የቆመ የጎጃም ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ኤል ዳብህ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው አስተምሯል፤ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም በ1963 መሥርቷል። ሽቦ መቅረጫ ያሸው እጅና በገናን መድረክ ላይ ያወጣው እጅ አንድ ነው።

ሞንታርቦ ሲያፏጭም ሁላችንም ጆሯችንን እንይዛለን። ማይክራፎኑ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን መልሶ ይሰማዋል፣ ማጉያው ደግሞ ያንኑ መልሶ ይጮኸዋል፣ ዙሩም ወደ ፉጨት ይከራል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንኑ ጥፋት ሥራ አድርጎታል፤ ማይክራፎኖችን በገመዳቸው ከድምፅ ማጉያዎች በላይ አንጠልጥሎ እንደ ዥዋዥዌ ለቀቃቸው። በማጉያው አናት ባለፉ ቁጥር ያፏጫሉ፤ እየዘገዩ ሄደው ሲቆሙ ፉጨቱ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናል፤ ያኔ ገመዱን ከሶኬት መንቀል ነው። በየድንኳኑ ሞንታርቦ ተሸክመው የሚዞሩት ልጆቻችን ይህን ለመሥራት ምንም አይጎድላቸውም፤ ከፈቃድ በስተቀር።

ልጁ ነቀፌታ አይገባውም እያልሁ አይደለም። ሥራው ረዝሟል፤ የቁልፉ ቀጭታ ከአምስተኛው በኋላ ያሰለቻል፤ የስልኩና የቴፑ ድምፅም አንዳንድ ቦታ ሳይተዋወቁ ተላልፈዋል። በዚህ ዘርፍ ስንፍና በጥልቀት ስም መደበቁም የተለመደ ነው። ዳኛው ይህን ቢነግሩት ኖሮ ሥራቸውን ሠርተዋል እል ነበር። ብልሽት ነው ብሎ ማሰናበት ግን አለመስማት ነው።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ልጁን ደጃፍ ላይ አገኘሁትና ፉከራው የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሟች አያቱ ነው። ካሴቱን የቀዱት ቴፑ ድንጋይ እየጨረሰ ሳለ ነበርና ክሩ ዘግይቶ እየሄደ ተቀርጿል፤ ስለዚህ በአዲስ ድንጋይ ሲከፈት አያቱ ተጣድፈው በሕፃን ድምፅ ይፎክራሉ። የራሳቸውን ድምፅ የሚያገኙት ድንጋዩ ሲደክም ነው። «ባሠራው አያቴ አይመጡም» አለኝ፣ ቴፑን በጋቢው እየጠቀለለ።