እርማት፦ አዲሱ መስኮት ከግድግዳው ክፍተት ማነስ አለበት

«የድሮውን የብረት መስኮት ነቅላችሁ አዲሱን አሉሚኒየም በክፍተቱ ልክ አስቆርጡ፤ ጥብቅ ብሎ ከገባ ዝናብ አያስገባም» የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ቢያምነውም ስህተት ነው። ዝናቡን የሚከለክለው ዙሪያውን የሚሞላው ሲሊኮን እንጂ የፍሬሙ መጥበቅ አይደለም።

የድሮ ቤት ክፍተት ቀጥ ብሎ አይገኝም። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ፤ ቁመቱንም እንዲሁ ሦስት ቦታ። 120፣ 119.4 እና 119.7 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ትንሹን ያዙና 1 ሴንቲ ቀንሱለት፤ ፍሬሙ 118.4 ይሁን። በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ይተርፋል። ይህ ካልተረፈ ፍሬሙ በመዶሻ እየተመታ ይገባል፣ ቋሚው ይጎብጣል፣ ተንሸራታቹም መሃል ላይ ይነክሳል። ደግሞ አሉሚኒየም ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፤ 1.5 ሜትሩ በ30 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ።

ስትገጥሙ ከታች በሽብልቅ ደግፉና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሁለቱን ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን) ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ብሎኑን አታጥብቁ። ፎም (ተረጭቶ የሚያብጥ መሙያ) ከተጠቀማችሁ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል የተረፈውን ክፍተት ግማሽ ያህል ብቻ ሙሉት፣ ሲያብጥ ፍሬሙን ይገፋዋልና። ፎምን ፀሐይ ስለሚያፈራርሰው የውጭውን ጠርዝ በሲሊኮን ሸፍኑት።

እባካችሁ፣ በታችኛው ፍሬም የውጭ ፊት ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ። ሐዲዱ ውስጥ የገባው ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው፤ ከተደፈኑ ወደ ሳሎን ይፈስሳል።