ያልመጣ አያረፍድም
የሰሞኑ ብስጭቴ የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ ጸሐፊ ነው። ስም ጠርቶ ሲጨርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና «ካረፈዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴቶቻችን ሰዓት አያከብሩም» አለን።

መዝገቡ አልዋሸም። ለሒሳቡ እንዲቀል 60 ሴትና 20 ወንድ መጣ እንበል። 12 ሴትና 8 ወንድ አረፈደ። 12 ከ8 ይበልጣል፤ አጨብጭቡ! ግን ከ60 ሴት 12 ማለት ከአምስት አንዷ ናት። ከ20 ወንድ 8 ማለት ከአምስት ሁለቱ። ታዲያ ሰዓት የማያከብረው ማነው? ይህን በሠንጠረዥ ብናሰፍረው፣ ጠርዙ ላይ የሚወጣው ድምር፣ 60 እና 20፣ ኅዳጋዊ ስርጭት ይባላል። ከየጾታው ስንቱ አረፈደ የሚለው ደግሞ ሁኔታዊ ስርጭት ነው። ጸሐፊያችን ሁለቱንም ዘሎ ፈረደ።

እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም በቁጥር ብዙ የተረፉት የመርከቧ ሠራተኞች ናቸው፤ 212። ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተረፉት 203። የኛ ሰው ቢሆን «ሠራተኛ መሆን ያተርፋል» ይል ነበር። ሠራተኞቹ ግን 885 ነበሩ፤ ከአራት አንዱ እንኳ በቅጡ አልተረፈም። ባለ አንደኛ ማዕረጎቹ 325፤ ከአስር ስድስቱ ወጥተዋል።

ጸሐፊው ተረት አያጣም ደግሞ። ድንኳን የሚነሳ ቀን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። እኔም እወደዋለሁ። ሎሚው ያው 50 ነው፤ ጨዋታው ለስንት ተካፈለ የሚለው ላይ ነው። ተረቱን የሚተርቱት ሰዎች ግን አንድ ሎሚ ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ እጃችን በብርድ ደንዝዞ፣ የድንኳኑን ብረት በዚያ ጭቃ ሽቅብ የጎተትነው ሦስት ሰዎች ነን። እሱ ጃንጥላ ይዞ ከኋላ «አይዟችሁ» ይላል። አይዟችሁ ብረት አያነሳም! የሃምሳ ሰው ሎሚ ሦስት ሰው ላይ ጭኖ ስለ ጌጥ ማውራት ድፍረት ነው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሰዓቱ። አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «አንተ ልጅ፣ ባሎቻችንን የት ጻፍካቸው?» አሉት። የትም። ሚስቱን ልኮ ቤቱ የተኛ ወንድ አያረፍድማ። ንጹሕ ሰው ነው፤ ቅጣትም የለበት። ለቀሩት አንድ ዓምድ ይጨመር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ወረቀት ተወዷል ተባልኩ።