ዜኒቱ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ባለፈው እሑድ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ደንበኛ የሚያገኘው ሥራዎቹን በሚያሳይበት ዌብሳይት ነው። እሱን እንደ አዲስ ሊያሠራ ተነስቷል። ብሩ አልሞላለትም። ስለዚህ አጎቱ የሰጡትን የድሮ ዜኒት ካሜራ ሊሸጥ አሰበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ኮድ የሚጽፈው ልጅ አላመነታም። "ሽጠው! ያንተ ዌብሳይት እስኪከፈት ሰው ሰልችቶት ይወጣል" አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ 38 ሜጋባይት ይበላል። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ነው የተጫኑት። 6000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ተቀምጧል። ከላይ ደግሞ ፎቶዎችን በየተራ እያሳየ በራሱ የሚሽከረከር ስላይደር አለ። "ደንበኛህ እኮ ካርድ ሞልቶ ነው የሚያይህ" አለው። ይህን ማናችንም አልተከራከርነውም።

"እኔስ ገብቶኝ አይደል የምሸጠው?" አለ ባለካሜራው። "በዓመት ሁለት ፊልም ባነሳበት ነው። እሱንም ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምኜ።"

አብረውን የነበሩት አዛውንት በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ሠርተዋል። ካሜራውን አንስተው መቁጠሪያውን አዩ።

"ልጄ፣ ውስጡ ፊልም አለ እንዴ?"

"አለ ጋሼ። ከ36ቱ ፎቶ 31ኛው ላይ ነው።"

"ታዲያ ፊልሙን ሳትጨርስ ነው ለገበያ ያወጣኸው?"

ዜኒት ኢ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በምትባል ከተማ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ ካሜራ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የጓደኛችን አጎት በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ነው፤ በቃ።

አንድ ጉድለት አለው፣ እኔ ግን የምወደው ጉድለት ነው። በመመልከቻው የሚታየው ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ያላሰብከው ነገር ከዳር ይገባል። ጓደኛችን ፒያሳ ውስጥ አንድ ሊስትሮ አንስቶ ነበር። ፊልሙ ሲታጠብ በግራ በኩል አንድ ሱቅ ከነሰሌዳው፣ ደጃፉ ላይም ጋዜጣ የሚያነቡ ሰውዬ ብቅ አሉ። ያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ጓደኛችን ያነሳው ሊስትሮውን ነበር፤ ዛሬ ሰው ቆሞ የሚያየው ግን ሱቁን ነው።

"እሺ፣ ስካን ተደርጓል አይደል? ፋይሉ ካለ ምን ጎደለ?" አለ ኮድ ጸሐፊው።

እዚህ ላይ ባለካሜራው ራሱ አፉን ፈታ። የመጀመሪያ ዌብሳይቱ ፍላሽ በሚባል የድሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሠራ ነበር። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ፍላሽ ሲቀር ገጹም አብሮ ጠፋ። ፎቶዎቹንም ሌላ ቦታ አላስቀመጣቸውም። የተረፉለት በፊልም ያነሳቸው ብቻ ናቸው፤ ኔጋቲቮቹ፣ ማለትም የታጠቡት ፊልሞች፣ ፖስታ ውስጥ ነበሩ።

"ይሄ እኮ ኮፒ ያለመያዝ ጣጣ ነው። ኔጋቲቭም ቢሆን ይሻግታል" አለ ልጁ።

አዛውንቱም አልካዱም። "አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ስንት የሰው ሰርግ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀረ" አሉ። ትንሽ ዝም አሉና "ግን ደረቅ ቦታ ካስቀመጥከው መስኮት ላይ ይዘህ ታየዋለህ። ማንንም ፓስዎርድ አትጠይቅም።"

እኔን ጠየቁኝ። ልጁ ስለ ዌብሳይቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን የዘረዘራቸውን ነገሮች አስቡዋቸው። ፎቶ ማሳነስ ገንዘብ አይፈልግም። ስላይደሩን ማውጣትም አይፈልግም። 212 ፎቶ ውስጥ 30 መምረጥ የሚጠይቀው አንድ ሌሊት ነው። ታዲያ ካሜራው የሚሸጠው ለምኑ ነው? ለቀለሙና ለሚንቀሳቀሰው ጌጥ ነው። ያን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያስለውጠዋል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከፎቶዎቹ ሥር አንድም ቃል የለም። ያ ሊስትሮ ማን እንደሆነ፣ መንገዱ የቱ እንደነበር፣ ዘመኑ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል? አዲሱ ዌብሳይት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቦታ፣ ዓመተ ምሕረትና፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ስም ነው።

ዜኒቱ ግን አይሸጥም። ከ212ቱ ዓይኔን ጨፍኜ የማስታውሳቸው ሰባት ፎቶዎች ናቸው፤ አምስቱ በዜኒቱ የተነሱ ናቸው። ፊልም ውድ ስለሆነበት ከመተኮሱ በፊት ይጠብቃል። ሰውዬውን ያናግራል። ብርሃኑ እስኪዞር ይቆማል። በዲጂታሉ ሲያነሳ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ለዘንድሮ ሆስቲንግና ዶሜይን፣ ማለትም ለዌብሳይቱ ማስቀመጫና አድራሻ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ ብዬዋለሁ። ገና አልመለሰልኝም። በፊልሙ ላይ አምስት ፎቶ ቀርቶታል። አዛውንቱም እሳቸው ቤት አብረው ሊያጥቡት ቀጥረውታል።