ማስተካከያ፦ ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ሐራጁን አያስቆምም

በቤት ብድር ዕዳ ቤታቸውን ሊያጡ የተቃረቡ ሰዎችን የሚያግዝ የነጻ ሕግ ድጋፍ ቡድንን ስለመምራት በቀረበው ጽሑፍ፣ አሜሪካ ውስጥ ባለቤቱ የዕዳ ማቃለያ ማመልከቻ (ከሐራጅ ሌላ መፍትሔ የሚጠይቅበት) ካስገባ ሐራጁ ይቆማል ተብሎ ነበር። ይህ መስተካከል አለበት።

በፌዴራል ደንቡ ሐራጁን የሚያስቆመው የተሟላ ማመልከቻ ነው። እሱም ለሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ሲቀረው መድረስ አለበት። አነስተኛ የብድር አስተዳዳሪዎችን (የብድሩን ክፍያ የሚሰበስቡና የሚከታተሉ ድርጅቶችን) ደግሞ ይህ ነጥብ አያስገድድም።

አንድ የደመወዝ ማስረጃ ከጎደለ ማመልከቻው አልተሟላም ሊባል ይችላል። ስለዚህ የቡድን መሪ «አስገብተናል» ሲባል ረክቶ መቀመጥ የለበትም። ቤተሰብ በአንዲት ወረቀት ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያሳዝናል! ለሐራጁ ቢያንስ 45 ቀን ከቀረ፣ ብድር አስተዳዳሪው ማመልከቻው በደረሰው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የጎደለውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ ደብዳቤ በየፋይሉ መኖሩን መሪው በዓይኑ ይይ። ከሌለ ዛሬውኑ ይደወል።

የቡድኑ ረዳቶች ሰነድ ማሰባሰብና መከታተል ይችላሉ። የሕግ ምክሩ ግን የጠበቃው ነው፤ የእነሱንም ሥራ የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት።

በቀደመው ጽሑፍ የነበረው የ120 ቀኑ ነጥብ እንዳለ ይቆያል፦ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ፣ በአብዛኛው የሐራጅ ሂደት መጀመር አይቻልም።