ውሻችን ጾመኛ አይደለም

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ጩኸቱን አጥብቀን የምንፈልግ ብዙዎች ስንሆን ምን እንደበላ የምንጠይቀው ግን ጥቂቶች ነን። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለግቢ ጥበቃ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ከገበታ የተረፈውን ይበላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሁዳዴ ሰሞን ነው። ለ55 ቀናት ቤተሰቡ ሥጋና ወተት ሲተው ውሻውም ሳይወድ አብሮ ይጾማል። እንጀራ በሽሮ ሆዱን ቢሞላለትም ሥጋ ሲለምድ የኖረ ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል ፕሮቲን አያገኝበትም። የከፋው ደግሞ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ነው፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ቀዩም ነጩም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስ ሲደጋገም ለደም ማነስ ይዳርገዋል። ክክ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ለብቻው መቀቀል፣ በጾሙ ቤተሰቡ የማይበላውን እንቁላልም አብስሎ መጨመር ለብዙ ቤት የሚከብድ አይመስለኝም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ጥፋት እንሠራለን። የዶሮ ወጥ አጥንት እንወረውርለታለን፤ የበሰለ አጥንት ግን ተሰነጣጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘም «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ በውሻው አንጀት ትል ሆኖ ያድጋል፣ የትሉ እንቁላልም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሥጋ መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት።

ባለፈው ሚያዝያ ባሕር ዳር በአንድ ጎረቤቴ ግቢ ያየሁት ውሻ ሰንሰለቱ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ የቀረው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። ውኃ የነበረበት የተቆረጠ ጀሪካን ተገልብጦ፣ ውሻው እያለከለከ የደረቀውን ጠርዝ ይልሳል። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ በፀሐይ ታስሮ ውኃና ጥላ ካጣ ሊሞት ይችላል።

«ሲታሰር ኃይለኛ ይሆናል» የሚለውን አልቀበልም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ከፍርሃትና ከመሰላቸት የተነሣ በእንግዳውም በነፋሱም ይጮኻል፤ ባለቤቱም ውሎ አድሮ ጩኸቱን መስማት ይተዋል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ለታሰረው አይቀርለትም፤ ማታ ሲፈታ ከየትኛው ውሻ ጋር እንደሚናከስ አናውቅምና።

ጎረቤቴ ስነግረው አልተቆጣም። ጀሪካኑን በከባድ የድንጋይ ገንዳ ተክቶ፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ እንዲንሸራተትበት አደረገ። ውሻው አሁን ፀሐይ ሲበረታ ወደ ማንጎው ጥላ ራሱ ይሄዳል።