ድንኳን ሁሉ ማዳረስ ለምን?

አንድ ጸሐፊ ወደ ምግብና ወይን ፌስቲቫል የሄደ ሰው አንድም ድንኳን ሳያልፈው ሁሉንም መቅመስ አለበት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዚህም ከዚያም እየቀመሱ መሮጥ ምላስን ያደክማል እንጂ አያስተምርም። የአካባቢውና የአጎራባች ከተሞች ምግብ ቤቶች በአንድ ሜዳ ሲሰባሰቡ ትልቁ ዕድል ማነጻጸር ነው፤ አንዱን ዓይነት ሥጋ ሁለት ቤቶች እንዴት እንዳበሰሉት ጎን ለጎን መቅመስ ሌላ ጊዜ የት ይገኛል?

ቀይ ወይንንም ከምግቡ ጋር ሞክሩት። አፍ የሚያደርቀው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ነው። ለብቻው ሲጎነጩት ድድን ጭምድድ ያደርጋል፤ ስብ ያለው ሥጋ ጎርሰው መልሰው ሲቀምሱት ግን ያው ወይን ለስልሶ ይገኛል። ይህን በገዛ አፍ ማየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ከቀረበላችሁ ዝም አትበሉ። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው ጣዕሙ የሚገኘው፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል። በረዶ ውስጥ ጥቂት ይቆይልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ወይኑን ቀምሶ መትፋትም ነውር አይደለም፤ አዘጋጆች የመትፊያ ዕቃ በየጠረጴዛው ሊያስቀምጡ ይገባል። ደግሞ በሩ እንደተከፈተ ግቡ፤ ሰው ሳይበዛ አብሳዩን ራሱን ማነጋገር ይቻላል።