ባለቤቱም አዛዡም አንድ የሆነበት ቤት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ያደግኩበት የቀበሌ ቤት በረንዳ ጣሪያው የወደቀው በነሐሴ ዝናብ፣ ሌሊት ነው። ማንም አልተጎዳም። ጠዋት ግን የግቢው ልጆች ጠጠር በሚጫወቱበት ቦታ ላይ ወራጁና ቆርቆሮው ተከምሮ ስናገኘው እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወራጁን ምስጥ እንደበላው ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀበሌው ስታመለክት ነበር። «እማማ፣ በጀት የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ይሏታል። በራሴ ገንዘብ ላሳድሰው ብትል ደግሞ ያለፈቃድ ግንባታ ይሆናል፣ ውልዎ ይቋረጣል አሏት።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ከዚራም ሆነ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ብዙ ሰው ይህንኑ ይነግራችኋል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚቀጥለው አንቀጽ 2078 ለእኔ ከዚህም ይበልጣል፤ የሌላ ሰው ሕንፃ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ ማስገደድ ይችላል። ግድግዳው ሰው ላይ እስኪወድቅ መጠበቅ የለበትም። በሰፈራችን ይህን አንቀጽ የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም አደገኛ የሆነን ሕንፃ ባለቤቱ እንዲጠግን ወይም እንዲያፈርስ የማዘዝ ሥልጣን ለከተማ አስተዳደር ሰጥቷል።

ነገሩ የሚበላሸው «ባለቤት» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሲሆኑ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ስለዚህ ደካማው፣ ጭቃው፣ ቶሎ የሚያረጀው ቤት ሁሉ ገቢው እጅግ ትንሽ በሆነ ባለቤት እጅ ገባ። እኛ በወር የምንከፍለው 18 ብር ነበር፤ በዚያ ገንዘብ አንድ ወራጅ እንኳ አይገዛም። ዛሬ የከተማው አስተዳደር ባለቤትም ነው፣ ተቆጣጣሪም ነው። የግል ሕንፃ ሲሰነጠቅ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። የራሱ ሲሰነጠቅ ማስጠንቀቂያውን ማን ለማን ይጻፍ?

የድሬዳዋን አሮጌ ቤት የሚገድለው እርጅና ብቻ አይመስለኝም። ብዙው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፤ ጭቃው ደርቆ እስከቆየ ድረስ ግድግዳው ይቆማል። አሸንዳው ሲበሳ ግን ውሃው ከላይ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ድንጋዩ የሚይዘው ያጣል፣ ግድግዳው ቀስ እያለ ሆዱ ይወጣል። ያኔ ሰው ደንግጦ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ድሮ በኖራ ይለሰን ነበር፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። በጊዜው አንድ አሸንዳ መቀየር ቢፈቀድ ኖሮ የሚተርፍ ቤት ስንት ነው! የደቻቱ ዳር ቤቶች ደግሞ መሠረታቸውን ጎርፍ ይሸረሽረዋል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የምፈራው ሌላ ነገርም አለ። ከዚራ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲገባ የተወለደ ሰፈር ነው፤ በረንዳዎቹና በዛፍ የተጠለሉት ቀጥ ያሉ መንገዶቹ የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። ለዓመታት ጥገና ተከልክሎ የኖረ ቤት በመጨረሻ «አደገኛ ነው» ተብሎ ሲፈርስ፣ አደገኛ ያደረገው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ነዋሪውም ታሪኩም አብረው ይነሳሉ።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የጥገና ማመልከቻ የቀረበለት ቢሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ። ዝም ካለ ተከራዩ የነበረውን በነበረበት መልክ እንዲጠግን ይፈቀድለት፣ ወጪውም ከኪራዩ ይታሰብለት። ክፍል የሚጨምር፣ አጥር የሚገፋ ካለ እሱን መቅጣት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ሰበብ ወራጅ የሚቀይረውን ማሰር ግን ግፍ ነው። የቀበሌ ቤቶችን ደግሞ ቤት የሚያከራየው ክፍል ባልደረባ ያልሆነ መሐንዲስ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይያቸው፣ ያገኘውንም በሩ ላይ ይለጥፍ።

ከእናቴ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ባለፈው በልግ ስንጥቁ ጣት ያስገባ ነበር። አሁን እጅ ያስገባል። ከሥሩ አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ሻይ ታፈላለች፤ ቤቱ እንዲታይላት ማመልከቻ አስገብታለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው።